ንባባችንና ጎተራችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዚህ በጾመ ነቢያት፣ በጅማና በዙሪያዋ የቡናው ለቀማ ወደ ማለቂያው ተቃርቦ ጀንፈሉ በየግቢው ተሰጥቶ በሚታይበት ወቅት፣ ሰሞኑን ያነበብኋቸውን መጻሕፍት መነሻ አድርጌ ስለ ንባብና ስለ ኑሮ ልክ ጥቂት ላካፍላችሁ ወደድሁ። መጻሕፍቱ በአንድ መደርደሪያ አብረው የሚቀመጡ አይመስሉም፤ የገዳማውያን አባቶች ዜና፣ የቅዱስ ባስልዮስ ስብከት፣ አንድ የሩስያ አጭር ልብ ወለድና የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ናቸውና። ሆኖም ሁሉም ጌታ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ የሚበልጥ ሊሠራ ስላሰበው ባለጸጋ ሰው ወደ ተናገረው ጥያቄ መልሰው አደረሱኝ፦ «ይህስ የሰበሰብኸው ለማን ይሆናል?» (ሉቃ. 12፥20)።

ቅዱስ ባስልዮስ በስሙ የሚጠራውን ቅዳሴ የምንቀድስለት፣ በ379 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያረፈው የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ነው። ይህንኑ የሉቃስ ወንጌል ክፍል ሲተረጉም ልብ ያለው ነገር እኔን ለብዙ ጊዜ አቁሞኛል። ባለጸጋው እርሻው እጅግ ባፈራለት ጊዜ «ምን ላድርግ?» ብሎ ተጨነቀ፤ ይህ ቃል ግን የሚበላው ያጣ ድሀ የሚናገረው ቃል ነው። የተትረፈረፈለትና የጠፋበት ሰው በአንድ አፍ ሲጨነቁ እንሰማለን፤ ልዩነቱ ድሀው የሚጨነቀው ለዛሬ እንጀራው ሲሆን ባለጸጋው የሚጨነቀው ለማስቀመጫ ስፍራ መሆኑ ነው። ባስልዮስ በዚህ አያበቃም፤ አንተ የያዝኸው እንጀራ የተራበው ሰው ነው፣ በሣጥንህ የቆለፍኸው ልብስ የታረዘው ነው፣ በቤትህ የሚበሰብሰው ጫማም ጫማ የሌለው ሰው ነው ይላል። እንዲህ የሚናገረው በረኃብ ዘመን ለተራቡት ምግብ ያከፋፈለ፣ ከከተማው ውጭም ለድሆችና ለሕሙማን መጠለያ ያሠራ አባት በመሆኑ ቃሉን «የስብከት ማጋነን ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

እኛ በቡና አገር የምንኖር ሰዎች ይህን ስብከት በዚህ ወር ብናነበው የተለየ ክብደት ይኖረዋል። የቡና ገንዘብ የሚገባው በጥቂት ወራት ነው፤ ከመግባቱ በፊትም በሐሳብ ተከፋፍሎ ያልቃል፤ ቆርቆሮው ይለወጣል፣ ባጃጅ ይገዛል፣ የጎረቤት ይዞታ ይጠየቃል፣ ሠርጉ ከአምናው ሠርግ እንዲበልጥ ይታቀዳል። ከእነዚህ አንዱም በራሱ ኃጢአት ነው አልልም፤ ቤት ማደስም ልጅ መዳርም በረከት ነው። ነገር ግን በለቀማው ወቅት ቅርጫት አንግቶ ቡናውን ያወረደልን የቀን ሠራተኛ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ዝናቡ ሥራውን ዘግቶበት ምን እንደሚበላ በዕቅዳችን ውስጥ የት ቦታ ሰጥተነዋል?

ወደ ልብ ወለዱ ልለፍ። ሌቭ ቶልስቶይ በ1886 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመው፣ አንድ ሰው ምን ያህል መሬት እንደሚያስፈልገው የሚጠይቅ አጭር ታሪክ አለው። (ጸሐፊው የቤተ ክርስቲያን መምህር አይደለም፤ የሩስያ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስም በ1901 አባሏ እንዳልሆነ አስታውቆበታል፤ ስለዚህ ትምህርተ ሃይማኖትን ከእርሱ አንማርም።) ፓሆም የሚባል ገበሬ በቂ መሬት ቢኖረኝ ዲያብሎስን እንኳ አልፈራም ብሎ ይመካል፤ ዲያብሎስም ከምድጃው ጀርባ ሆኖ ይሰማዋል። ከዚያ ወዲህ ፓሆም መሬት በጨመረ ቁጥር መሬቱ ይጠበዋል። በመጨረሻ ባሽኪሮች ወደሚባሉት ሰዎች ሲሄድ የመሬታቸው ዋጋ ለአንድ ቀን 1,000 ሩብል ብቻ እንደሆነ ይነግሩታል፤ ከማለዳ ጀምሮ በእግሩ የዞረው ሁሉ የእርሱ ይሆናል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ተነሣበት ካልተመለሰ ግን ገንዘቡ ይቀልጣል። ሰውየው ዞሮ ለመመለስ በቂ ጊዜ ነበረው። ያጠፋው አንድ እርጥበት ያለው ረባዳ ቦታ አይቶ «ይህስ ለተልባ ይሆናል፤ መተው ያሳዝናል» ማለቱ ነው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እየሮጠ ደረሰ፤ እንደ ደረሰም ወድቆ ሞተ። አሽከሩ የቆፈረለት መቃብር ሦስት አርሺን፣ ማለት ከሁለት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነበር።

ቡና የሚተክል ሰው ያንን ረባዳ ያውቀዋል። የስግብግብነት መልክ ሁልጊዜ አስቀያሚ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የጎበዝ ገበሬ ማስተዋል መስሎ፣ ጥላውና እርጥበቱ የተስማማ ቦታ እያሳየ ነው። ወንጌሉ «ከመጎምጀትም ሁሉ ተጠበቁ» ሲል «ሁሉ» የምትለዋን ቃል ያስገባው ለዚህም ይመስለኛል።

ልብ ወለድ ለክርስቲያን ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ከወንድሞችና ከእኅቶች ደጋግሞ ይቀርባል። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በሄደ ጊዜ ሕጉን አልጠቀሰለትም፤ አንዲት ታናሽ በግ ብቻ ስለ ነበረችው ድሀና በጉን ስለ ነጠቀው ባለጸጋ ተረከለት። ዳዊት የሌላ ሰው ታሪክ መስሎት በቁጣ ከፈረደ በኋላ «ያ ሰው አንተ ነህ» ተባለ (2ኛ ሳሙ. 12፥7)። ፊት ለፊት ቢነግሩት በር የሚዘጋ ልብ በታሪክ በኩል ሲመጡበት ሳያውቅ ይከፍታል። ባስልዮስም ስለ አሕዛብ ድርሰቶች ለወጣቶች ሲጽፍ ንብ ከአበባ የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን እንደምትተው እንዲያነቡ መክሯል። እንግዲህ ጉዳዩ መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ብቻ አይደለም፤ አንብበን ስንጨርስ በማን ላይ እንደ ፈረድንም ነው።

በዚህ መንገድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳነብ ፊታውራሪ መሸሻ ሌላ ዓይነት ጎተራ አሳዩኝ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን የአባቷ ነገር ነው። ፊታውራሪ የሚያከማቹት ከባላገሩ የሚሰበስቡትን ብቻ አይደለም፤ ዘርንና ክብርን ያከማቻሉ፤ ለልጃቸው የሚመጣው ባል ሁሉ ከዘራቸው እያነሰባቸው ወጣትነቷ ያልፋል። ቀለል ያለ ኑሮ መኖር ስንል ስለ ልብስና ስለ ምግብ ብቻ የምናስብ ከሆነ የትውልድ ኩራታችን ሳይነካ ይቀራል።

የመጻሕፍት ክምችትስ? በገዳማውያን አባቶች ዜና እንደ ተጻፈው፣ አባ ቴዎድሮስ ዘፈርሜ ሦስት መልካም መጻሕፍት ነበሩት፤ እርሱም ወንድሞችም ይጠቀሙባቸው ነበር። ምን ላድርጋቸው ብሎ አባ መቃርስን ቢጠይቀው ሥራው መልካም ነው፣ ድህነት ግን ከሁሉ ይበልጣል አለው፤ እርሱም ሸጦ ለድሆች ሰጠ። በስልካችን የሚገኘውን፣ ከቴሌግራም ያወረድነውንና ያልከፈትነውን የፒዲኤፍ ብዛት ሳስብ ይህ ታሪክ ለእኛ ዘመን የተጻፈ ይመስለኛል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን መጽሐፍ መያዝን እንዳንንቅ ቅዱስ ጳውሎስ ይመልሰናል። «ምግብና ልብስ ከኖረን ግን፥ እርሱ ይበቃናል» ብሎ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ሐዋርያ (1ኛ ጢሞ. 6፥8)፣ የዕረፍቱ ጊዜ ሲቀርብ በጢሮአዳ ከተወው ንብረት እንዲመጣለት የለመነው በርኖሱን፣ መጻሕፍቱንና ብራናዎቹን ነበር (2ኛ ጢሞ. 4፥13)። ከዕቃው ለይቶ የጠቀሰው ለብርድ የሚሆነውንና የሚነበበውን ነው፤ መጻሕፍቱም የተፈለጉት ሊነበቡ እንጂ ሊቆጠሩ አይደለም።

ስለዚህ እስከ ልደት በዓል ባሉት ሳምንታት አዲስ መጽሐፍ ከመፈለግ ይልቅ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12ን በየቤታችን ቀስ ብለን ደጋግመን እንድናነበው፣ ለልጆቻችንም የፓሆምን ታሪክ እንድንተርክላቸው እለምናችኋለሁ። ይህንም የቡናው ሒሳብ ከመከፋፈሉ በፊት ብናደርገው ይሻላል፤ ከተከፋፈለ በኋላ ለቀን ሠራተኛው የሚሆን ድርሻ ከየት ይወጣል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።