ስሜንን በእግር፦ ብርዱ፣ ጉሙና ገደሉ

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ደባርቅ ይደረሳል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚህ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ። በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። ደባርቅ ላይ ይከፈላል፣ መሣሪያ የታጠቀ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይመደባል፣ ዕቃ የሚጭን በቅሎ ይከራያል። የተለመደው መንገድ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ በሚባሉ ማደሪያዎች ላይ እያደረ ይሄዳል። ጉልበት ያለው የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ እስከ ራስ ደጀን ይዘልቃል።

እዚህ አገር እሳት በድንጋይ መጫር ወይም ሥር ቆፍሮ መብላት አያስፈልግም። በየመንገዱ እረኛ አለ። ሰውን የሚጎዱት ከፍታው፣ ብርዱና ጉሙ ናቸው።

ከፍታውን በችኮላ ማሸነፍ አይቻልም። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 ገደማ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ትንሽ ይሻለዋል። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣ ዘመድ ግን ደባርቅ ላይ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከመጡ እዚያው ማረፍ ነው። እንደ ሰከረ ሰው የሚንገዳገድ፣ የሚዘባርቅ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው ካለ ግን ነገ አይባልም፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይወርዳል። ሳንቃበርና ጨነቅ የመኪና መንገድ አላቸው። ግጭ የለውም፤ ከዚያ የታመመ ሰው በበቅሎ ነው የሚወርደው።

ብርዱን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ቀን ፀሐይዋ ቆዳ ትልጣለች፣ ማታ ውርጭ ይወርዳል። የጥጥ ልብስ፣ ጂንስም ሆነ ጋቢ፣ አንዴ ከራሰ ከባድና ቀዝቃዛ ነው። ሱፍ ግን እርጥብ ሆኖም ያሞቃል። የስልክ ባትሪም በብርድ ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ ስልኩ ከባለቤቱ ጋር እንቅልፍ ከረጢት ውስጥ ይደር። ውሃ ግጭ ላይ 88 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለመጠጥ የሚሆነው ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ምስርና ክክ በዚህ ሙቀት ቶሎ ስለማይበስሉ፣ እነሱን ይዞ የሄደ እራት እየጠበቀ ያንቀላፋል፤ ፓስታ ይሻላል።

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል። ከቀትር በኋላ ከቆላው ጉም ይነሳል፣ አንዳንዴ በደቂቃዎች ውስጥ እግርን እንኳ ይሸፍናል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መነሳት ነው። ጉም ከመጣ መቆም። በሌላ ተራራ የጠፋ ሰው ወራጅ ውሃ ተከትሎ ይውረድ ይባላል። ስሜን ላይ ይህ ምክር ይገድላል። የጅንባርን ወንዝ ተከትሎ የሄደ ሰው የሚደርሰው ውሃው 500 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወረወርበት አፋፍ ላይ ነው።

ጭላዳ ዝንጀሮም በዚህ ያግዛል። ሌሊቱን ገደሉ ግድግዳ ላይ ያድራል፣ ጠዋት ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ሲደነግጥ ወደ ገደሉ ይሮጣል። ከገደል ብዙ አይርቅም። በጉም ውስጥ የጭላዳ ጫጫታ ከሰሙ አፋፉ ቅርብ ነው ማለት ነው፤ ወደ ድምፁ አይሂዱ። መንጋው ባንዴ ከተበተነም ውሻ ወይም ነብር መጥቶ ይሆናል። ዕፅዋቱም ከፍታውን ይናገራሉ። አስታ የሚባለው ዛፍ እየሳሳ ሄዶ ጓሳ ሣርና ጅብራ ብቻ ሲቀሩ፣ ከነፋስ የሚከልል ነገር እያለቀ ነው። መብረቅ ሲያጉረመርም እዚያ ሜዳ ላይ መገኘት አይመከርም።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ትልቅ ዕድል አለው። የውጭ ቱሪስት ከስካውቱ ጋር በምልክት ሲግባባ እርስዎ «ጋሼ፣ ዛሬ ሰማዩ እንዴት ነው?» ማለት ይችላሉ። ደፍረው ይጠይቁ። ርቀት ላይ ብቻ ይጠንቀቁ። «እዚህ ጋ ናት» የተባለች ቦታ ሁለት ሰዓት ልታስኬድ ትችላለች። መልሱ በእሳቸው እግር ስለሆነ የሚነግሩዎትን በአንድ ተኩል ያባዙ።

እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የተነሳው ቃጠሎ ብዙ ጓሳና አስታ በልቷል፤ ለማጥፋት ከእስራኤል ሳይቀር ባለሙያ መጥቷል። ምግብ በቡታጋዝ ይበሰላል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው። ጥቅምትና ኅዳር አገሩ ገና አረንጓዴ፣ ሰማዩም ክፍት ይሆናል። በቅርብ ዓመታት በአካባቢው ግጭት ስለነበረ ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ጎንደርና ደባርቅ ደውለው የመንገዱን ሰላም ያጣሩ።