ከጅማ እስከ ባሮ፦ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የደን አገር

ኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ በሐሩር ክልል ውስጥ የምትገኝ አገር ናት፤ ነገር ግን የደጋዋ ከፍታ ስለሚያቀዘቅዛት ሐሩር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ሌላ አገር ነው። ዛፉ በሐረግ የተያያዘበትን፣ ዝናቡ ከዓመቱ የሚበዛውን ወር የሚይዝበትን፣ የታጠበ ልብስ በሁለት ቀን የማይደርቅበትን ያንን አገር እዚሁ ማየት የፈለገ ተጓዥ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሂድ። ጅማ፣ ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ኢሉ አባ ቦርና ጋምቤላ በአንድ ጉዞ ሊታዩ የሚችሉ አጎራባቾች ናቸው። በአስተዳደር ረገድ ጅማና ኢሉ አባ ቦር በኦሮሚያ፣ ጋምቤላ በራሱ ክልል፣ ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ምዕራብ ኦሞ፣ ዳውሮና ኮንታ ደግሞ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛሉ። መንገዱን ለሚከተል ሰው ግን የክልሎቹ ወሰን እምብዛም አይታወቀውም፤ ዓይኑ የሚከተለው ደኑን ነው።

ይህ ደን ሰው ጠባቂ ሆኖ የኖረበት፣ ቡናውን የሚለቅምበት፣ ቀፎውን የሚሰቅልበት፣ ኮረሪማውን የሚሰበስብበት ደን ነው። ዩኔስኮ የከፋንና የያዮን ደኖች በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካን በ2004 ዓ.ም.፣ በጋምቤላ ክልል ያለውን የማጃንግን ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብም ይህንኑ አኗኗር ከግምት አስገብቶ ነው። አሠራሩ ደኑን በሦስት ይከፍለዋል፤ መሐሉ እንዳይነካ ይጠበቃል፣ በዙሪያው ቡናና ማር መሰብሰብ ይፈቀዳል፣ ከዚያ ውጪ ያለው ሰው የሚያርስበትና የሚኖርበት ነው። ስለዚህ ጎብኚው ዛፍና እንስሳ ብቻ ለማየት ከመጣ ግማሹን ሳያይ ይመለሳል።

ጉዞውን በዙር ማድረግ ይሻላል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከጅማ ቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከቦንጋ በሚዛን አማንና በቴፒ ዞሮ፣ በማሻ ወደ ጎሬ ወጥቶ፣ ከጎሬ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ በመቱ፣ በበደሌና በአጋሮ ወደ ጅማ መመለስ ይቻላል። ይህን ሁሉ ከአሥር ቀን ባነሰ ጊዜ ለመጨረስ መሞከር መኪና ውስጥ ተቀምጦ መዋል ነው። ጅማና ጋምቤላ የአውሮፕላን ማረፊያ ስላላቸው ቀን ያጠረው ሰው አንዱን መንገድ በአየር ማሳጠር ይችላል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ መንገዱ የሚደርቅበት፣ ቡናው የሚለቀምበትና ጭቃ የማያስቸግርበት ነው። የቡና አበባ ማየት የሚፈልግ ግን የበልጉን የመጀመሪያ ዝናብ ይጠብቅ፤ ዝናቡ በጣለ በሳምንት ገደማ ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ሆኖ መዓዛው መንገድ ላይ ድረስ ይመጣል፣ አበባውም ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም።

ጅማ ብዙውን ጊዜ ማደሪያ ተደርጋ የምትታለፍ ከተማ ናት፤ ይህ አግባብ አይመስለኝም። ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን በተባለው ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት አባ ጅፋር ለአፄ ምኒልክ በሰላም ገብረው ግዛታቸውን ሳያስወርሩ ያቆዩ ንጉሥ ናቸው፤ ቤተ መንግሥታቸውም ከእንጨት የተሠራ፣ ባለ ሰፊ በረንዳ፣ ጣውላው በእጅ የተጠረበ ፎቅ ነው። የንጉሡን መገልገያዎች በከተማው ሙዚየም ማየት ይቻላል። በገበያው ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ የማይገዛ ተጓዥ ጥቂት ነው። ከከተማው ምዕራብ ያለው የመልኮ የእርሻ ምርምር ማዕከልም ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ የሚያደርቀው በሽታ ወደ አገሪቱ ሲገባ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጠው ለገበሬው ያደረሱት በዚህ አካባቢ ደኖች ውስጥ ከተገኙ የቡና ዛፎች ነበር።

የጉዞው እምብርት ቦንጋ ናት። ከተማዋ በኮረብታ ላይ ተንጠልጥላ በሁሉም አቅጣጫ ደን ታያለች፤ ማለዳ ላይ ሸለቆው በጉም ይሞላና የዛፎቹ ጫፍ ብቻ እንደ ደሴት ይቀራል። የከፋ መንግሥት በነገሥታቱ ሥር ለብዙ መቶ ዓመታት ራሱን ችሎ የኖረ ሲሆን፣ ወሰኑን በጥልቅ ቦይና በአጥር ያስጠብቅ ነበር። የመጨረሻው ታቶ ማለትም ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርከው ከአገራቸው ወጡ፤ ወደ ዙፋናቸውም አልተመለሱም። በከተማዋ ያለው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ጥሩ መነሻ ነው፤ ቡናን ለማየት ግን ወደ ደቻ ወረዳ፣ ወደ ማንኪራ ደን መውረድ ያስፈልጋል። መንገዱ ለእግር ነው፤ ዝናብ ከነካው ቀዩ አፈር ጫማ ስር ተለጥፎ እርምጃን ያከብዳል፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ሳይዙ መግባትም አይመከርም።

በጓሮ የተተከለ ቡና ብቻ ያየ ሰው የደኑን ቡና መጀመሪያ ሲያየው ቡና መሆኑን ይጠራጠራል። እንደ ቀረሮና ዋንዛ ባሉ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ብርሃን ፍለጋ የሚመዘዝ፣ ግንዱ ቀጭን፣ ቅርንጫፉ የሳሳ ረጅም ዛፍ ነው፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ የበሰለው ፍሬ እዚህ ሦስት እዚያ አምስት ሆኖ የተበታተነ ነው። ለቃሚው ዛፉን ጎንበስ አድርጎ በአንድ እጁ ይይዝና በሌላው ቀዩን ፍሬ ብቻ እየመረጠ ወደ ወገቡ ቅርጫት ይጥላል፤ ሲለቀው ዛፉ ተመልሶ ይቆማል። ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ምርት ከተከላ ቡና ጋር አይወዳደርም። ዋጋው በኪሎ ሳይሆን ዛፎቹ እርስ በርስ ባላቸው ልዩነት ነው፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዛፎች በቅጠላቸው ቀለም እንኳ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ከላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ ትልቅ ምንቃር ያላቸው ወፎች ሲያልፉ የክንፋቸው ድምፅ ከመታየታቸው በፊት ይሰማል።

ከቡናው ቀጥሎ ማሩ ነው። ቀፎው ከግንድ ወይም ከቀርከሃ ተሠርቶ፣ ውስጡ በሚሸት እንጨት ጢስ ታጥኖ፣ ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍታ ላይ በዛፍ ላይ ይሰቀላል። የሚወጣው ሰው ገመድ ወይም ሐረግ በግንዱና በወገቡ ዙሪያ አድርጎ ነው፤ ከሥር ሆኖ ለሚያይ ሰው አንገት የሚያደክም ትዕይንት ነው። ማሩ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ማታ ላይ፣ ንቡ ሲረጋጋ ነው። የጌተም ዛፍ ካበበ በኋላ የሚገኘው ማር ነጭ ሲሆን፣ ሌሎች ዛፎች የሚሰጡት ከዚያ ጠቆር ያለ ነው፤ ነጩን የሚፈልግ ሰው በሚያዝያና በግንቦት መሄዱ ያዋጣዋል። በሸካ ቀፎ የሚሰቀልበት የደን ቦታ ኮቦ ይባላል፤ ከአባት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ የሌላ ሰው ኮቦ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው። የደን ጥበቃ ደንብ ከመጻፉ በፊት ደኑን የጠበቀው አንዱ ይህ ሥርዓት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

የቦንጋ ገበያ ሊታለፍ አይገባም። ደረቅ ኮረሪማ በገመድ ተሰክቶ እንደ መቁጠሪያ ተንጠልጥሎ ይሸጣል። ጥምዝም አለ፤ በምድጃ ላይ ስለሚደርቅ የጢስ ሽታ አለው፤ አዲስ አበባ የሚገኘው ጥምዝ ምን ያህል እንደቆየ ሽታው ከዚህኛው ጋር ሲነጻጸር ይታወቃል። ዝንጅብል፣ እርድ፣ ቆጮና ጎደሬም ከገበያው አይጠፉም። የእግዜር ድልድይ የሚባለው የተፈጥሮ የድንጋይ ድልድይና የባርታ ፏፏቴ ከከተማዋ በቀን ደርሶ መልስ የሚታዩ ናቸው።

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዉሽውሽ ላይ ደኑ በድንገት ያበቃና እንደ ምንጣፍ የተከረከመ የሻይ ማሳ ይጀምራል። ያማረ ነው፤ ግን ያማረው ማሳ በደን ቦታ ላይ የተተከለ መሆኑን መርሳት አያስፈልግም። ሚዛን አማን ስንደርስ ከፍታው ይቀንሳል፣ ሙዝና ማንጎ ይበዛሉ። የበበቃ ሰፊ የቡና እርሻ ከከተማው በደቡብ በኩል ነው። ከዚያም ርቆ፣ ምዕራብ ኦሞ ውስጥ፣ ጌሻ የሚባል አካባቢ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚህ አካባቢ ደን የተወሰደ የቡና ዘር በኬንያና በታንዛኒያ በኩል መካከለኛው አሜሪካ ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ውድድር አሸንፎ በዓለም ውድ ከሚባሉ ቡናዎች አንዱ ሆኗል። በቤንች ቤት እንግዳ የሆነ ሰው ከፍሬው ይልቅ ቅጠሉ ሊቀርብለት ይችላል፤ ጨሞ የሚባለው መጠጥ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣና ከሌላም ቅመም ጋር ተወቅጦ የሚፈላ ነው። አፍ ያቃጥላል፤ ለደከመ ተጓዥ ግን ከቡና ይሻላል የሚል ሰው አጋጥሞኛል፣ አልተከራከርኩም።

ትርፍ ሦስት ቀን ያለው ሰው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ዳውሮንና ኮንታን ይይ። በሁለቱ መካከል ያለው የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ዝሆንና ጎሽ ከሚታይባቸው ጥቂት የአገሪቱ ቦታዎች አንዱ ነው። በዳውሮ የንጉሥ ሃላላ የድንጋይ ካብ አለ፤ ከአንድ ሰው ቁመት በብዙ የሚረዝመው ዲንካ የተባለ የትንፋሽ መሣሪያም ሲነፋ መስማት ይቻላል።

ከቴፒ ወደ ማሻ ያለው መንገድ ተመልሶ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ቀርከሃና ጉም ይበዛል፣ ዝናቡም እንዲሁ። ጎሬ ዛሬ ጸጥ ያለች ከተማ ብትሆንም፣ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ በራስ እምሩ መሪነት የመንግሥቱ ጊዜያዊ መቀመጫ ነበረች። ከጎሬ በኋላ የሚመጣው ቁልቁለት የዚህ ጉዞ አስደናቂው ክፍል ነው፤ ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ 500 ሜትር አካባቢ ይደረሳል። ሹራብ ለብሶ የተነሳ ሰው ቡሬን ካለፈ በኋላ ሸሚዙንም ያላላል፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ጋምቤላ የባሮ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር ባደረጉት ውል የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ፣ ወንዙ በሚሞላበት ክረምት መርከቦች እስከዚህ እየመጡ የጅማንና የኢሉ አባ ቦርን ቡና ወደ ካርቱም ይጭኑ ነበር። አመሻሽ ላይ ከባሮ ድልድይ ሆኖ ወንዙን ማየትና ከዳርቻው የተጠበሰ ዓሣ መብላት የከተማዋ ደስታ ነው። ሰው ሲታጠብ ስለታየ ብቻ ወንዙ ውስጥ መግባት ግን አይገባም፤ አዞ አለበት፣ የት እንደሚኖርም የሚያውቁት ነዋሪዎቹ ብቻ ናቸው። ብሔራዊ ፓርኩ በደቡብ ሱዳን ድንበር በኩል በብዙ ሺህ ሆኖ የሚፈልሰውን ነጭ ጆሮ ያለው ቆርኬ ለማየት የሚኬድበት ነው፤ ሆኖም የድንበሩ አካባቢ ጸጥታ ስለሚለዋወጥ ከመነሳት በፊት ከክልሉ ባሕልና ቱሪዝም ቢሮ መጠየቅና ፈቃድ መያዝ ግድ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ባለው መንገድ ሁሉ ወባ ስላለ መከላከያ መድኃኒትና አጎበር ከአዲስ አበባ ይዞ መነሳት ያሻል። አኝዋክና ኑዌር ቤት በእንግድነት የገባ ሰው ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት ይጠይቅ።

በመልሱ ጉዞ ከመቱ በበቾ በኩል ወደ ሶር ፏፏቴ የሚወስደው የእግር መንገድ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ያልፋል፤ ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ርጭቱ ፊትን ያርሳል። ከዚያ ያዮንና በደሌን አልፎ አጋሮ አጠገብ ጎማ ወረዳ ውስጥ ጮጬ ይገኛል። ጮጬም እንደ ማንኪራ የቡና መገኛ እኔ ነኝ ይላል፤ የፍየል እረኛው ታሪክ በሁለቱም ቦታ በልበ ሙሉነት ይነገራል። ተፈጥሮ ግን ለወረዳ አትወግንም፤ ከዓለም የዱር የአረቢካ ቡና ልዩነት እጅግ የሚበዛው በዚህ መላ የደን ምድር ተበትኖ ይገኛል። በጮጬ ይህን ክርክር የሚያነሳ ተጓዥ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጨዋታ አያጣም።