«50 ለ0፣ ጨዋታ አለቀ» ለምትሉኝ

ትልልቆቹ የአሜሪካ ግጥሚያዎች እኛ ጋ የሚደርሱት እሑድ ንጋት ላይ ነው። እዚያ ገና ቅዳሜ ሌሊት ነው። ድሮ ፒያሳ ነበር ተሰባስበን የምናየው፤ ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ አራት ኪሎ ወዳለች አንዲት ዲኤስቲቪ ቤት ተሻግረናል። ግጥሚያው ያልቃል፣ ማኪያቶ ይመጣል፣ የምንጊዜም ታላቁ ቦክሰኛ ማን ነው የሚለው ክርክር ይነሳል። ስኳሩ ሳይሟሟ አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ሜይዌዘር። 50 ለ0። ጨዋታ አለቀ» ይላል። አሜሪካዊው ፍሎይድ ሜይዌዘር በፕሮፌሽናል ቦክስ 50 ጊዜ አሸንፎ አንዴም አልተሸነፈም ማለቱ ነው።

እኔ በወጣትነቴ ተጋጥሜያለሁ፣ አፍንጫዬን ያየ ይመሰክራል። አሁን ልጆች አሰለጥናለሁ። ይቺን «50 ለ0» በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን ያመኛል። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በትንንሾቹ ልጀምር።

«ብዙ የዘረረ ነው ታላቅ።» አርቺ ሙር ከ130 በላይ ግጥሚያ በዝረራ አሸንፏል። ስሙን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ።

«ብዙ ብር ያገኘ ነው።» ይሄን ለባንክ ቤት ሰዎች ትቼዋለሁ። በ2015 ሜይዌዘርና ፊሊፒናዊው ፓኪያው የተጋጠሙበት ሌሊት የገቢ ሪከርድ ሰብሯል። እኔ 8ኛው ዙር ላይ አዛጋሁ።

«ቀበቶ እንቁጠር።» እንቁጠር ካላችሁ በደንብ እንቁጠር። በ1938 ሄንሪ አርምስትሮንግ የሦስት ሚዛን ሻምፒዮናነትን በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር። ያኔ የነበሩት ሚዛኖች 8 ብቻ ናቸው። ዛሬ 17 እና ከዚያ በላይ ናቸው፣ በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ አራት ድርጅት የየራሱን ቀበቶ ያስራል። ማባዛቱን ለእናንተ ተውኩት። ፓኪያው በ8 ሚዛን ሻምፒዮን መሆኑ ተአምር ነው፣ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን የእሱን 8 እና የአርምስትሮንግን 3 ጎን ለጎን አስቀምጦ «8 ይበልጣል» ማለት የድሮን ብርና የዛሬን ብር እኩል መቁጠር ነው።

«ታላቁ የሚወጣው ከከባድ ሚዛን ነው።» ከባድ ሚዛን የሚከብደው ሚዛን ላይ ነው። ሁሉም ሰው እኩል ቢመዝን ማን ያሸንፍ ነበር ብሎ ማነጻጸር የተለመደው እኮ ለዚሁ ነው። እዚህ ላይ ግን ድክመቴን አልደብቅም፤ ጆ ሉዊስ ሲነሳ ዳኝነቴን አትመኑት። በ1935 ሰኔ ወር፣ ሙሶሎኒ ሊወረን ጦሩን በሚያከማችበት ሰሞን፣ ሉዊስ ኒውዮርክ ውስጥ ከጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ገጠመ። ካርኔራ ወደ 30 ኪሎ ገደማ ይበልጠው ነበር። እዚያ ያለው ሕዝብ ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርጎ ነው ያየው። ሉዊስ በ6ኛው ዙር ጨረሰው። ይሄን ያወሩልኝ ያሰለጠኑኝ ጋሼ ናቸው፤ ባወሩት ቁጥር ራሳቸው ሪንግ ዳር የነበሩ ይመስሉ ነበር።

«ታይሰን በጥሩ ጊዜው ማንም አይችለውም ነበር።» ይሄ የወንድሜ ነው፣ ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ። በ1986፣ በ20 ዓመቱ፣ በከባድ ሚዛን ታሪክ በዕድሜ ትንሹ ሻምፒዮን ሆነ። በ1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ጣለው። አስፈሪ ነበር፣ ማን ይክዳል? ግን ቶኪዮ ላይ ቡስተር ዳግላስ ሲዘርረው ስንት ዓመቱ ነበር? 23። 23 ዓመት ጥሩ ጊዜ ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው? «ያኔ ልምምድ ትቶ ነበር» ይሉኛል። ልምምድ መተውም የቦክሰኛው ሥራ ነው፣ ሌላ ሰው አልተወለትም። ታይሰን ወድቆ ተነስቶ ያሸነፈበትን ግጥሚያ አሳዩኝ፣ አንድ ብቻ።

አሁን ወደ ዜሮዋ።

ሜይዌዘርን የምጠላው የመሰለው ካለ ተሳስቷል። መከላከል ሳስተምር የማሳየው ቡጢ የሚመክትበትን የእሱን ትከሻ ነው። በ2001 ያኔ ያልተሸነፈውን ዲዬጎ ኮራሌስን አምስት ጊዜ መሬት ያስነካበት ግጥሚያ ትምህርት ቤት ነው። እኔ የምጣላው ከቁጥሯ ጋር ነው። 50ኛው ማን ነበር? ኮኖር ማክግሪገር፣ ከዚያ በፊት አንድም የፕሮፌሽናል ቦክስ ግጥሚያ ያላደረገ ሰው። ያ በ2017 ነው። በ2002 ከካስቲዮ ጋር የተጋጠመበትን የመጀመሪያውን ካያችሁ ደግሞ ዳኞቹ ሌላ ቀን ቢሆን ሌላ ነገር ሊጽፉ ይችሉ ነበር። (በዚያው ዓመት እንደገና ገጥሞት በግልጽ አሸነፈ። ለእኔ ከዜሮዋ ይልቅ ይቺኛዋ ታስከብረዋለች።) ደግሞም ሜይዌዘር ተሸንፎ ያውቃል፤ ገና አማተር ሳለ በ1996 አትላንታ ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ በቡልጋሪያዊ ተሸንፎ ነው ነሐስ ይዞ የተመለሰው። ብዙ ሰው ተሰርቋል ይላል፣ እኔም እላለሁ።

ሮኪ ማርሲያኖ 49 ለ0 ነው። ጆ ሉዊስን ሲያሸንፍ ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር፤ ቀበቶውን የወሰደበት ዋልኮት ደግሞ 38።

ዜሮ ይበቃል ካላችሁ ታላቁ ሪካርዶ ሎፔዝ ነው። ሜክሲኳዊ፣ 51 ድል፣ 1 አቻ፣ ሽንፈት የለም። ከሜይዌዘር በአንድ ድል ይበልጣል። ባለፈው ለዚያ ስልክ አውጪ ወጣት ስነግረው «እሱ ደግሞ ማነው?» አለኝ። በቃ፣ ክርክሩን ራሱ ዘጋው።

ይሄ የዜሮ ነገር ጉዳቱ ክርክር ላይ ቢቀር ባልጻፍኩ። ሰፈራችን ሰባት ጊዜ ተጋጥሞ ሰባቱንም ያሸነፈ ልጅ አለኝ። አንድ ግራኝ አገኘሁለት፣ ጠንካራ። «ኮች፣ ሪከርዴን እንዳታበላሽብኝ» አይለኝም? ሪከርድ! ሰባት የአማተር ግጥሚያ! ጎትጉቼ አስገባሁት፣ በነጥብ ተሸነፈ። ሁለት ሳምንት ጠፋ። እናቱ ደውለው «ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ?» አሉኝ። ሲመለስ ግን ማንም ሳይነግረው ቀኝ እጁ ለመከላከል አገጩ ላይ ነበር። ዓመት ሙሉ የጮህኩባትን ነገር ግራኙ በሦስት ዙር አስተማረልኝ።

ስለዚህ እኔ የማየው ከማን ጋር ተጋጠመ፣ ተጋጣሚው በምን አቋም ላይ እያለ፣ ሲሸነፍስ ምን አደረገ የሚለውን ነው። መሐመድ አሊን አሊ ያደረገው 1971 ላይ በፍሬዚየር መሸነፉ ጭምር ነው፤ ተመልሶ ሁለት ጊዜ አሸንፎታል። ፎርማን ከአሊ ጋር ሊጋጠም ኪንሻሳ የገባው 40 ለ0 ሆኖ ነው። ዜሮው 8 ዙር አልሞላችም።

የእኔ ሰው ግን ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ነው። አሊ ራሱም እሱን ያስበልጥ ነበር። 200 ገደማ ግጥሚያ፣ 19 ሽንፈት። «19 ጊዜ ተሸንፎ?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አብዛኞቹ ከ1955 በኋላ የመጡ ናቸው፣ በእርጅናው። መጀመሪያ 40 ተከታታይ አሸነፈ። በ1943 ላሞታ ከእሱ በክብደት በልጦ አሸነፈው። ሮቢንሰን በሦስት ሳምንት ውስጥ ከዚያው ሰው ጋር ገብቶ ብድሩን መለሰ። ከዚያ 91 ግጥሚያ ሳይሸነፍ ሄደ። 91! የሜይዌዘር ሙሉ ዕድሜ በውስጡ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። በ1951 ለንደን ላይ ተርፒን አሸነፈው፤ በሁለት ወሩ ኒውዮርክ ላይ ከአይኑ በላይ ተሰንጥቆ ደም እየፈሰሰው ተርፒንን በ10ኛው ዙር ጨረሰው።

«ቪዲዮውን አይቻለሁ፣ ቀርፋፋ ነው» የሚሉም አሉ። ወንድሜ፣ ያየኸው ሽማግሌውን ነው። ዌልተር ሚዛን (67 ኪሎ ገደማ) ላይ በነበረበት ምርጥ ጊዜው የተቀረጸው ፊልም በጣም ጥቂት ነው። ላያችሁት ከሆነ እንዲህ እዩ፤ ድምፁን አጥፉ፣ እጁን ትታችሁ እግሩን ተከተሉ። መጀመሪያ የ1951ዱን የላሞታ፣ 13ኛውን ዙር። ቀጥሎ በጥር 1957 በጂን ፉልመር የተሸነፈበትን። መጨረሻ ላይ በዚያው ዓመት ሜይ 1 ቺካጎ ላይ የተደረገውን መልስ፣ 5ኛ ዙር። 36 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ይቀረዋል። ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ወደ ኋላ እየሄዱ ዝረራ አይመታም ብዬ ነው ልጆቼን የማስተምረው። ግራ እጁን አንድ ጊዜ ብቻ ሰነዘረ፣ ፉልመር አልተነሳም።