«የፈረንጅ ጽሑፍ አለበት» ተብሎ የተሞረደው ጎራዴ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ወጣት የአያቱን ጎራዴ በጋቢ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል። ከእጀታው ሥር በጣቴ ስዳስሰው ግን ስርጉድ አለ። በማጉያ መነጽር ሳየው ከተፋቀው ቦታ ዳር የሁለት የላቲን ፊደላት ጭራ ብቻ ቀርቷል። «የሀበሻ አይደለም እንዳይሉኝ ሞራጅ ጋ ወስጄ አስጠፋሁት» አለኝ። ጥንታዊ ስለት እየሰበሰብኩ ሠሪዎቹን ስፈልግ ሃያ ዓመቴ ነው፤ እንደዚህ አባባል የሚያበሳጨኝ የለም።

የውጭ ማህተም ያለበት ጎራዴም የኢትዮጵያ ጎራዴ ነው! በምኒልክ ዘመን ብዙው የጎራዴ ብረት ከአውሮፓ፣ በተለይም ከጀርመኗ ዞሊንገን ይመጣ ነበር። የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ለእኛ ገበያ ተብሎ እዚያው የተቀረጸበት አለ። ብረቱ አገር ቤት ሲገባ ቀንድ ጠራቢው እጀታ ያበጅለታል፣ ፋቂው በቀይ ቆዳ አፎት ይሰፋለታል፣ አንጥረኛው በብር ያስጌጠዋል። አንድ ጎራዴ እንግዲህ አራት ሠሪ አለው፤ ስሙን የጻፈው ግን ፈረንጁ ብቻ ነው። የእኛዎቹ ሙያ አንሷቸው አይደለም። ባለእጅ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ በሚሰደብበት አገር ማን ስሙን ይቀርጻል? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት ነገሩ ምን ያህል ከፍቶ እንደነበር ያሳያል።

ያቺ የፈረንጅ ማህተም ታዲያ ዘመኑን የምትነግረን ምስክር ናት። የንጉሥ ራስና የጦር ቁር የለበሰ ራስ ጎን ለጎን ካያችሁ ቫየርስበርግ ኪርሽባውም የተባለው የዞሊንገን ጎራዴ ሠሪ ቤት ነው። ቫየርስበርግና ኪርሽባውም የተባሉት ሁለት ቤቶች የተዋሃዱት እ.ኤ.አ. በ1883 ስለሆነ «የቴዎድሮስ ዘመን ነው» የሚላችሁ ሻጭ ተሳስቷል፤ ቴዎድሮስ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ሚዛን ካያችሁ ደግሞ አሌክሳንደር ኮፔል የተባለው የዞሊንገን ቤት ነው። ማህተሙን ስትሞርዱት ይህ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ የሚመልሰው የለም።

«አንበሳ ካለበት የንጉሡ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም፤ አንበሳው ብዙ ሰው በታጠቀው ጎራዴ ላይ አለ።

«1731 ተጽፎበታል፣ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው» ብሎ የወጥ ቤት ቢላ ያመጣልኝም ነበር። 1731 ፔተር ሄንከልስ የተባለ ቢላ ሠሪ ዛሬም «ዝቪሊንግ» በሚባለው ቢላ ላይ ያለውን የመንታዎች ምልክት ዞሊንገን ላይ ያስመዘገበበት ዓመት ነው እንጂ ቢላው የተሠራበት አይደለም። «ስቴንለስ» የሚል ካለበትማ የዓድዋ ቅርስ ሊሆን አይችልም፤ ሃሪ ብሬርሊ ሼፊልድ ውስጥ የማይዝግ ብረቱን ያቀለጠው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው።

የእጀታ ጥቁር ቀንድ ሁሉ የአውራሪስ አይደለም፤ የከብትም አለ። ሾተልና ጎራዴም አንድ አይደሉም፤ ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው።

«ብረቱን መወልወል ዋጋ ይጨምራል» የሚለውንም እባካችሁ ተዉት። ብርጭቆ ወረቀት፣ ሎሚ፣ አመድ አታስነኩት። በለስላሳ ጨርቅ ጥቂት የማሽን ዘይት ቀቡትና ከአፎቱ አውጥታችሁ አስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል። ማህተሙ ላይ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ በእርሳስ ስታሹት ለዓይን የማይታየው ፊደል ይወጣል። እጀታውን ለመንቀል አትሞክሩ። ውጭ የምትኖሩ ወገኖችም ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ግን ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ፤ የእኛ ሠሪዎች ስም ያለው እነሱ ዘንድ ነውና። ያን ወጣትም ወደ ሴት አያቱ ላክሁት። በማግሥቱ ደወለልኝ፤ አፎቱን የሰፋው ሰው ደብረ ብርሃን ይኖር እንደነበር፣ ዋጋውም ሁለት ቁና ገብስ እንደነበር ነግረውታል። የሰውየውንም ስም ያስታውሱ ኖሯል። በወረቀት ጽፈን ከጎራዴው ጋር ጋቢው ውስጥ አኖርነው።