የእድር ዕቃ ምንድን ነው? አንድ ቤትስ ስንት ሳህን ይበቃዋል?

ለአንድ ቤተሰብ ስንት ሳህን ይበቃል? ለዕለት ኑሮ ከሆነ ጥያቄው ከባድ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአንድ ቤት ውስጥ በአማካይ 4.6 ሰው እንደሚኖር ያሳያል። አንድ ትሪ ከቦ ለሚበላ ለዚህን ያህል ሰው ደርዘን ሳህን ከበቂ በላይ ነው። ጀበና፣ ረከቦት ከነስኒው፣ ሁለት ሦስት ድስት፣ ምጣድ ከነአክምባሎው፣ ሰፌድ፣ ጭልፋ፣ ማማሰያ፣ ሁለት ጀሪካን፣ መቀመጫና መኝታ ካለ ኑሮው ይገፋል።

ጭንቅ የሚመጣው ያው ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት መቶ ሰው ማስተናገድ ሲኖርበት ነው፤ ሰው ሲሞት ማለቴ ነው። ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ እጁን የሚታጠብበት፣ ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠለልበት፣ አረፍ የሚልበት፣ ንፍሮና ውሃ የሚቀርብበት ዕቃ ያስፈልጋል። ያውም በዚያው ዕለት፣ የቤቱ ሰው ስለ ዕቃ ማሰብ ቀርቶ መቆም በማይችልበት ሰዓት። ለዚህ ቀን ይሆነኛል ብሎ ሁለት መቶ ሳህን ገዝቶ የሚያስቀምጥ ቤት የለም። ቢገዛስ የት ያኖረዋል?

የእድር ዕቃ የሚባለው ለዚህ ቀን የተገዛው ንብረት ነው። የእድሩ አባላት በየወሩ ከሚያዋጡት እየተገዛ በጋራ ይያዛል፤ አባል ሐዘን ሲደርስበት ያለ ኪራይ ይወጣለታል፣ ሲያበቃ ተቆጥሮ ይመለሳል። እንደየእድሩ ደንብ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካርም የሚሰጥ አለ፤ ለሐዘን ብቻ ነው ብሎ የዘጋም አለ።

ስለ እድር ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ገንዘቡ ነው። የምጣኔ ሀብት ሰዎችም የሚያጠኑት እንደ ቀብር መድን አድርገው ነው። ስቴፋን ደርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው በ2006 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያንና የታንዛኒያን የቀብር ማኅበራት የመረመሩበት ሥራ ከዚሁ ወገን ነው። እውነት ነው፤ ገንዘቡ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ሁለተኛ አደርገዋለሁ። ገንዘብ ከወንድም ይበደሩታል፣ ከዕቁብተኛ ይለምኑታል፣ ከመሥሪያ ቤት ቅድሚያ ይወስዱታል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግን ድንኳንና አርባ አግዳሚ ከየት ይመጣል? ሰው የቱንም ያህል ቢወድህ አርባ አግዳሚ ጓዳው ውስጥ የለውም።

ዕቃ ቤቱ ሲከፈት የሚታየው ይህን ይመስላል፦ የተጠቀለለ የሸራ ድንኳን ከነምሰሶውና ከነገመዱ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ አግዳሚ፣ ጠረጴዛ፣ በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ሳህን፣ ትሪ፣ በሳጥን የተቀመጠ ብርጭቆ፣ ጆግ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ሳፋ፣ ባልዲ፣ የውሃ በርሜል፣ ቁመቱ ክንድ የሚያልፍ ማማሰያና ጥላሸት የጠጣ ጎላ። ጎላ የሚለውን ቃል ከድግስ ውጭ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው፤ እሳቱ ላይ ለማውጣት ሁለት ጎረምሳ የሚፈልግ ድስት በዕለት ኑሮ ምን ይሠራል? ድሮ ለሌሊቱ ማሾ ነበር፤ ዛሬ አምፖልና ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ተክቶታል። አግዳሚውንም ፕላስቲክ ወንበር እያስወጣው ነው። ወንበሩ ተደራርቦ ቦታ አይፈጅም፤ ግን በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ የሚቀመጥ ስድስተኛ ሰው ሁልጊዜ ይኖራል፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሁለተኛ ሰው የለም። ገጠር ደግሞ ዶማና አካፋ ይጨመራል፤ ታማሚን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሱበት ቃሬዛ ያላቸው እድሮችም አሉ። ጥሩምባውን አንርሳ፤ እሱም የእድር ንብረት ነው።

ይህ ሁሉ ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት አንድ እድር በሐሳባችን እናቋቁም። 150 አባወራ፣ 200 ሳህን፣ 40 አግዳሚ፣ 2 ድንኳን አለው እንበል። በአንድ አግዳሚ አምስት አምስት ሰው ቢቀመጥ ሁለት መቶው ሰው ቦታ አገኘ። እያንዳንዱ ቤት ይህንኑ ለብቻው ልግዛ ቢል ኖሮ ሰፈሩ በየጓዳው 30,000 ሳህንና 6,000 አግዳሚ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ 150 ድንኳን ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ አብዛኛው ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ሳያይ። አሁን ግን ለአንድ አባል የሚደርሰው አንድ ሳህን ከሲሶ፣ ከአንድ አግዳሚም ሩብ ያህሉ ነው። በዚህች ድርሻ ነው ሁለት መቶ ሰው የሚያስተናግደው።

ሒሳቡ የሚሠራው ግን ዕቃው በሁሉም ቤት በአንድ ቀን እስካልተፈለገ ድረስ ነው። ሁለት ድንኳን ያልኩት ለዚህ ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ቤት ሐዘን ሊገባ ይችላል። ሠርግ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበላሻል። ሞት ቀን አይመርጥም፣ ሠርግ ግን ይመርጣል። ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ወይም ከፋሲካ በኋላ፣ ያውም ቅዳሜና እሑድ። ሁሉም ቤት በነዚያው ጥቂት ቀናት ድንኳንና ጎላ ሲጠይቅ የጋራ ዕቃ የሚባለው ነገር ትርጉሙን ያጣል። በዚህ ምክንያት ለሠርግ የሚሰጡ እድሮች ሐዘን ይቀድማል የሚል ደንብ ያስቀምጣሉ። ድንኳንና ወንበር አከራዮችም ገበያቸው የሚደራው በጥር ነው። አንዳንዱ እድር ራሱ አባል ላልሆነ ሰው ዕቃውን እያከራየ ካዝናውን ይሞላል፤ ጥሩ ገቢ ነው፣ ነገር ግን ለቅሶ የወደቀበት አባል መጥቶ ዕቃው ኪራይ ላይ ነው ሲባል የሚነሳውን ጠብ የሚያበርደው ዳኛ ያስፈልጋል።

ለእኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው ሰው ዳኛው ሳይሆን ንብረት ያዡ ነው። ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ሌሊት የሚቀሰቀሰው፣ ዕቃውን ቆጥሮ አስፈርሞ የሚያወጣው፣ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ መዝገቡን ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። ሳህኑ ጀርባ ላይ በቀለም የእድሩ ምልክት አለ። ያ ምልክት ባይኖር ኖሮ የእድሩ ሳህን ከየቤቱ ሳህን ጋር ተቀላቅሎ በአምስት ዓመት ውስጥ ያልቅ ነበር፤ ማንም ሳይሰርቀው ማለት ነው። ከጎረቤት የመጣ ትሪና ፔርሙዝም አለ፤ ባለቤቶቹ እንዳይቀየርባቸው ክር ያስሩበታል ወይም የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርጉበታል። ከሁሉ የሚጠፋው ብርጭቆ ነው። የተሰበረውን ያሰበረው ቤት ይተካል፤ ጎላውን ሳያጥብ የመለሰም በብዙ ቦታ ይቀጣል። ሐዘንተኛን ስለ አራት ብርጭቆ መጠየቅ ጭካኔ ይመስላል። ንብረት ያዡ ካልጠየቀ ግን ለሚቀጥለው ሐዘንተኛ የሚወጣ አይኖርም፤ ይህን ስለሚያውቁ ነው ሰዎቹ የማይቀየሙት፣ ወይም ቢቀየሙም የሚከፍሉት።

ወጥ ቤቱ በአብዛኛው የሴቶች እድር ሥራ ነው። እንጀራውን በየቤታቸው ጋግረው ያመጣሉ፤ ንፍሮውን የሚቀቅሉት፣ ቡናውን የሚያፈሉት፣ ዕቃውን የሚያጥቡት እነሱ ናቸው። ብዙ ሴቶች ከባሎቻቸው እድር ሌላ የራሳቸው እድር፣ በራሳቸው ገንዘብ የተገዛ ድስትና ሳህን አላቸው። ድንኳኑ የወንዶቹ፣ ጎላው የሴቶቹ የሆነበት ሰፈር ሞልቷል።

አዲስ ሰው ሰፈር ገብቶ እድር ልግባ ሲል የሚጠየቀው የመግቢያ ገንዘብ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ለምን ይበዛል? ነባሮቹ ለዓመታት አዋጥተው የገዙትን ድንኳንና አግዳሚ ከነገ ጀምሮ እሱም እኩል ሊጠቀምበት ነው። የሚከፍለው የዚያን ድርሻ ነው፤ ከላይ ያየናትን አንድ ሳህን ከሲሶ። አከፋፈሉ ፍትሐዊ ነው፤ ግን ጥርስ አለው። በየዓመቱ ቤት ለሚቀይር ተከራይ የመግቢያ ገንዘብ ከፍሎ መልቀቅ፣ እንደገና ሌላ ሰፈር ሄዶ መክፈል ኪሳራ ነው፤ ሲለቅ ድርሻውን አንስቶ አይሄድም። ስለዚህ ከሁሉ ያነሰ ዕቃ ያለው፣ የጋራውም ዕቃ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ከጋራው ዕቃ ውጭ ይቀራል። እድርን ስናወድስ ይህችን መዝለል ለምዶብናል።

ከላይ የጠቀስኩት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከየቤቱ ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ አልጋ ከነፍራሹ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ ወይ እያለ ይጠይቃል። ከእነዚህና ከመሰል ጥያቄዎች መልስ ተነሥቶ ቤቶቹን ከደሃ እስከ ሀብታም በአምስት ደረጃ ይመድባቸዋል። መለኪያው ጥሩ ነው፤ ገቢን በቀጥታ ከመጠየቅ የተሻለ እውነት ያወጣል። የሚቆጥረው ግን ቤቱ ለብቻው ያለውን ነው። አንድ ወንበር የሌላት መበለት ነገ ጠዋት አርባ አግዳሚ ማስወጣት እንደምትችል ከዚያ ዝርዝር አይታይም።

በዚያው መጠን ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሥራ የማይሠራ ዕቃም አለ። ብፌውን ክፈቱት። ለእንግዳ ተብሎ የተገዛ የብርጭቆ ስብስብ፣ የወርቅ ጠርዝ ያለው ሳህን፣ ከነካርቶኑ የተቀመጠ የሻይ ጀበና። የመጣው እንግዳ አንድ ሁለት ሰው ሲሆን በዕለቱ ሳህን ይስተናገዳል፤ ሁለት መቶ ሲሆን በእድሩ። ለመካከለኛው እንግዳ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ዕቃ የተገዛው፣ እሱም በዓመት ሁለቴ ቢመጣ ነው። ማማር የራሱ ጥቅም አለው ካላችሁ አልከራከርም።

ኮንዶሚኒየም ሲመጣ እድሩ የመጀመሪያ ጥያቄው ዕቃውን የት እናድርግ የሚል ሆነ። ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ድንኳን የሚተከለው ከሕንፃው ሥር ነው፤ ለጋራ አገልግሎት የተሠራው ቤት፣ ማለትም ኮሙናሉ፣ ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ ብቻ ሳይሆን ለዕቃ ማስቀመጫም ተፈለገ። ቦታ ያጡት ደረጃ ሥር ቆለፉበት። ሰፈር ሲፈርስ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርሱ ነዋሪው ወደተለያየ አቅጣጫ ነው የተበተነው። የባንክ ሒሳብ ይከፋፈላል፤ አንድ ድንኳን ግን ለአምስት አይቀደድም። እንዲህ ሲሆን ያለው ምርጫ ዕቃውን ሸጦ ገንዘቡን መካፈል ወይም ብዙ አባል ወደሄደበት መንደር ማጓጓዝና የራቁት ለለቅሶ እየመጡ እንዲጠቀሙ ማድረግ ነው። ከሩቅ መንደር የጭነት መኪና ተከራይቶ አግዳሚ ማመላለስ ደግሞ እዚያው ወንበር ከመከራየት ሊበልጥ ይችላል።

በዚህ የተነሳ አንዳንድ እድሮች ዕቃ መግዛት ትተው ከአከራይ ጋር ተዋውለዋል፤ አባል ሲደርስበት አከራዩ ድንኳንና ወንበር ይተክላል፣ እድሩ ይከፍላል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያሉ የኢትዮጵያውያን እድሮች ከመጀመሪያውም ዋና ሥራቸው ዕቃ አይደለም። ወንበሩ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የአዳራሹ ነው፣ ሳህኑ ተበልቶበት የሚጣል ነው፤ ከባዱ ወጪ አስከሬኑን አገር ቤት መላክ ወይም እዚያው ማሳረፍ ስለሆነ መዋጮው የሚሰበሰበው ለዚያ ነው።

ወደ አዲስ ሰፈር የገባ ሰው ለእድሩ ጸሐፊ ከመዋጮው በፊት የሚጠይቀው አለ። እድሩ ስንት ድንኳን አለው? ዕቃው የእድሩ ነው ወይስ የኪራይ? ለሠርግ ይወጣል? አባል ከሆኑ ከስንት ወር በኋላ ነው ዕቃ ማስወጣት የሚቻለው? የወላጅ ሐዘን በሌላ ከተማ ቢሆንስ? ቁልፉ ማን ጋ ነው፣ ቤቱስ የት ነው? መልሱ ደህና ከሆነ ለራስ ቤት ደርዘን ሳህን መግዛት ይበቃል።