«ዳይሉሽን» ምንድን ነው? ገቢው 24 እጥፍ ያደገው ኩባንያና ባለበት የቆመው ድርሻ

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ትልቅ መጋዘን ፎርክሊፍት የሚነዳ ዘመድ አለኝ። ማሽኑ የሚሠራው በሃይድሮጅን ነው። ቱቦውን ይሰካል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆማል፣ ነቅሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። «ባትሪ ቻርጅ እስኪያደርግ መጎለት ቀረ» ይላል። ጭስ የለም፤ የሚወጣው ውሃ ነው። ሃይድሮጅኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ ፊውል ሴል ይባላል። ይህን በየቀኑ የሚያይ ሰው የፊውል ሴል ኩባንያ አክሲዮን ቢገዛ አይፈረድበትም። እሱም ገዛ። የየትኛው እንደሆነ ይቆየን። ባለፈው ደውሎ የጠየቀኝ ግን ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ነው፦ «ዕቃቸው ይሸጣል፣ ገቢያቸው አድጓል፤ ታዲያ የኔ አክሲዮን ምን ነካው?»

ከመልሱ ትልቁን ክፍል የሚይዘው አንድ ቃል ነው፤ ዳይሉሽን። በአማርኛ መቅጠን ብንለው ያስኬዳል።

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ዋናው ጠላ ተቀድቶ ሲጎድል ውሃ ይጨመርበትና ቅራሪ ይሆናል። ከጋኑ የሰረቀ የለም። እንዲያውም ጋኑ እንደገና ሞልቷል። የኔ አንድ ጣሳ ግን የትናንቱ አንድ ጣሳ አይደለም።

ወደ አክሲዮን እንመልሰው። አንድ ኩባንያ 100 አክሲዮን አለው፤ 10ሩ የኔ ነው እንበል። አንድ አሥረኛው የኔ ነው ማለት ነው። ኩባንያው ገንዘብ ቸገረውና 100 አዲስ አክሲዮን አውጥቶ ለሌላ ሰው ሸጠ። የኔ 10 አሁንም 10 ነው፤ ማንም አልነካውም። ድርሻዬ ግን ከመቶ አሥር ወደ ከመቶ አምስት ወረደ።

በእርግጥ ከጠላው የሚለይበት ነገር አለ። እዚህ የገባው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም ገብቷል። ስለዚህ መቅጠን ሁሉ ኪሳራ አይደለም። ወሳኙ አዲሱ አክሲዮን በስንት ተሸጠ፣ ገንዘቡስ ምን ሠራ የሚለው ነው።

ነገሩ የፊውል ሴል ኩባንያዎች ላይ የሚበረታው ለምንድን ነው? ቴክኖሎጂው አዲስ ሆኖ አይደለም። የዌልስ ተወላጁ ዊልያም ግሮቭ ሐሳቡን ያሳየው በ1839 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1965 ጀሚኒ 5 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ኤሌክትሪኳን ያገኘችው ከፊውል ሴል ነው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እሳት ሳይነድ ይዋሃዳሉ፤ ኤሌክትሪክ፣ ሙቀትና ውሃ ይወጣል። ይሠራል። ችግሩ ወጪው ነው። በተሽከርካሪ ላይ የሚገጠመው ዓይነት ፕላቲነም ይፈልጋል። ሃይድሮጅኑን ማምረት፣ ማመቅና ማጓጓዝ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ዕቃ በሸጡ ቁጥር ይከስራሉ። በየዓመቱ ለሚከስር ኩባንያ ባንክ እጁን አይዘረጋም። የቀረው በር አዲስ አክሲዮን መሸጥ ነው።

ኒውዮርክ ግዛት ላታም ውስጥ በ1997 የተመሠረተውን ፕለግ ፓወርን እንይ። ለዎልማርትና ለአማዞን መጋዘኖች የፎርክሊፍት ፊውል ሴል የሚያቀርበው እሱ ነው። በ2012 ገቢው 26 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2024 ወደ 629 ሚሊዮን ደረሰ። 24 እጥፍ! ይህን ብቻ የሚያይ ሰው ያጨበጭባል።

አሁን ጋኑን እንመልከት። በ2012 መጨረሻ በገበያ ላይ የነበረው አክሲዮን 38 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ2024 መጨረሻ ከ900 ሚሊዮን አልፏል። ገቢውን ለአክሲዮኑ ቁጥር አካፍሉት። ያኔ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ገቢ 70 ሳንቲም ግድም ነበር። ከ12 ዓመት በኋላም 70 ሳንቲም ግድም ነው። ልብ በሉ፣ የማወራው ስለ ገቢ እንጂ ስለ ትርፍ አይደለም። ትርፍማ የለም፤ በ2024 ብቻ ኪሳራው 2.1 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ዋጋው ደግሞ እንዲህ ያደርጋል። በጥር 2021 ሁሉም ሰው ስለ ሃይድሮጅን ሲያወራ ኩባንያው አንዱን አዲስ አክሲዮን በ65 ዶላር ሸጧል። በሐምሌ 2024 ያው ወረቀት በ2 ዶላር ከ54 ሳንቲም ተሸጠ፤ የተሰበሰበው 200 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለዚህ ገንዘብ ወደ 79 ሚሊዮን አክሲዮን ወጣ። በ65 ዶላር ዋጋ ቢሆን ኖሮ 3 ሚሊዮን ከምናምን ይበቃ ነበር። አዙሪቱ ይኸው ነው። ዋጋው ሲወርድ ተመሳሳይ ገንዘብ ለማግኘት ብዙ አክሲዮን ይወጣል፤ ብዙ ሲወጣ ደግሞ ዋጋው መልሶ ይወርዳል።

አክሲዮኑን ገበያ ላይ በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ መሸጥም አለ። «ኤት ዘ ማርኬት» ይባላል፤ ሲያጥር ኤቲኤም። ስሙን ያወጣው ሰው ይቀልዳል መሰለኝ። ፕለግ ፓወር በጥር 2024 እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር ድረስ በዚህ መንገድ ሊሸጥ እንደሚችል ሲያሳውቅ፣ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ «ገንዘብ ካላገኘን መቀጠላችን ያጠራጥራል» ብሎ ነበር።

አንዳንዴ አክሲዮኑ የሚሄደው ለደንበኛው ነው። በ2017 አማዞንና ዎልማርት እያንዳንዳቸው እስከ 55 ሚሊዮን አክሲዮን ድረስ የመውሰድ መብት፣ ማለትም ዋራንት፣ ተሰጣቸው። ብዙ ዕቃ በገዙ ቁጥር ብዙ ይደርሳቸዋል። በሌላ አነጋገር ሻጩ ለገዢው ምርቃት ሰጠ፤ ምርቃቱ ደግሞ ከነባር ባለአክሲዮኖች ጋን የተቀዳ ነው። በሂሳብ አያያዙ ሕግ የዚህ ስጦታ ዋጋ ከገቢ ላይ ይቀነሳል። በ2020 አክሲዮኑ ሰማይ ሲነካ ተቀናሹም አብሮ ሰማይ ነካ። የዓመቱ ገቢ 93 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከዜሮ በታች ሆኖ ተመዘገበ። ዓመቱን ሙሉ ዕቃ የሸጠ ኩባንያ፣ ገቢው ኔጌቲቭ! መጀመሪያ ሳየው የትየባ ስህተት መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። የዚህን ኩባንያ ቻርት ወደ 2000 ስትጎትቱት ከ1000 ዶላር በላይ ያሳያል። በዚያ ዋጋ የገዛ ሰው ግን የለም። በ2011 አሥር አክሲዮን ወደ አንድ ስለተጠቀለለ የድሮው ዋጋ በአሥር ተባዝቶ ነው። አሥር የአንድ ብር ሳንቲም ሰጥቶ አንድ ባለ አሥር ብር እንደመቀበል ነው፤ በራሱ መቅጠን አይደለም።

አገር ቤት የባንክ አክሲዮን ያላቸው ሰዎች የአሜሪካውም እንደዚያው ይመስላቸውና ይሳሳታሉ። ባንኩ ካፒታል ሲያሳድግ ነባር ባለአክሲዮን እንደ ድርሻው መጠን ቅድሚያ የመግዛት ዕድል ይሰጠዋል፤ ገንዘብ ካለው ድርሻውን ይዞ ይቀጥላል። የአሜሪካ ገበያ ላይ የምንገዛቸው ኩባንያዎች ግን ባብዛኛው ይህ ግዴታ የለባቸውም። አዲሱ አክሲዮን ለማን እንደተሸጠ የምንሰማው ከተሸጠ በኋላ ነው።

የፊውል ሴል ኩባንያዎች ሁሉም አንድ አይደሉም። የካናዳው ባላርድ ዋጋው በናረበት በ2020 እና በ2021 አክሲዮን ሸጦ ካዝናውን ሞላ። በ2024 መጨረሻ በእጁ 600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበረው። ጉድ የሚያሰኘው ግን በ2025 መጀመሪያ ወራት ገበያው ለጠቅላላ ኩባንያው የሰጠው ዋጋ ከዚህ ጥሬ ገንዘብ ያነሰ ነበር። ባለሀብቱ ገንዘቡ እየተቃጠለ ያልቃል ብሎ ከወዲሁ ቀንሶታል ማለት ነው። ብሉም ኢነርጂ ደግሞ በ2025 ለኤአይ ዳታ ሴንተሮች ኤሌክትሪክ በማቅረብ ዋጋው ተተኮሰ። ማሽኖቹ ባብዛኛው የሚሠሩት በተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ንጹሕ ሃይድሮጅን ብሎ የገዛ ካለ ይወቀው። እሱም ቢሆን በዓመቱ መጨረሻ ወደ አክሲዮን ሊለወጥ የሚችል ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቦንድ ሸጧል። የሚያድግ ኩባንያም ይቀጥናል።

ማየቱ ቀላል ነው። አሜሪካ ገበያ ላይ ያለ የአገሩ ኩባንያ በየሩብ ዓመቱ «ቴን-ኪው» የሚባል ሪፖርት ያስገባል። ኤድጋር በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። መቶ ገጽ ማንበብ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ በገበያ ያለው አክሲዮን ቁጥር ተጽፏል።

ለዘመዴ ይህን በስልክ አስረድቼው፣ የምሳ እረፍቱ ላይ ስለነበር ወዲያው ከፈተው። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ትንሽ ዝም አለና፣

«ያምናውስ?» አለኝ።