የክፍት ምንጭ የፕሮግራም ቋንቋ መሣሪያዎች እንክብካቤ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክኦኤስ፦ ከባሕር ዳር ሲታይ

የፕሮግራም ቋንቋ መሣሪያዎች የሚባሉት ሰው የጻፈውን ኮድ ኮምፒውተር ሊፈጽመው ወደሚችል መልክ የሚለውጡት ኮምፓይለሮችና ኢንተርፕሪተሮች፣ አብረዋቸው የሚመጡት ላይብረሪዎች፣ ስህተት መፈለጊያ ዲበገሮችና ፕሮግራሞችን የሚጭኑና የሚያድሱ የጥቅል አስተዳዳሪዎች ናቸው። ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው አብዛኞቹ ክፍት ምንጭ በመሆናቸው ኮዳቸውን ማንም አውርዶ ሊያነብ፣ ሊያሻሽልና ሊያሰራጭ ይችላል። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ግን መሣሪያው ተጽፎ ከተለቀቀ በኋላ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞቹ በተለወጡ ቁጥር ያው መሣሪያ በሁሉም ላይ ሳይሰበር እንዲቀጥል ዓመት ከዓመት መከታተልን ይጠይቃል። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው በጉዳዩ ላይ በአማርኛ እንደ ልብ የሚገኝ ማጣቀሻ ባለመኖሩ ሲሆን፣ በተለይ በባሕር ዳር ኮምፒውቲንግ የሚማሩና የሚያስተምሩ ሰዎችን ታሳቢ ያደርጋል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተቀምጠዋል።

አጀማመር

ሪቻርድ ስቶልማን በ1987 የመጀመሪያውን የጂሲሲ ኮምፓይለር ሲለቅ ዩኒክስ በየኩባንያው ተከፋፍሎ የየራሱን መልክ ይዞ ስለነበር፣ ኮምፓይለሩ ከጅምሩ ለብዙ ዓይነት ማሽን እንዲስማማ ሆኖ ተቀረጸ። በ1991 የመጣው አውቶኮንፍ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ከመገንባቱ በፊት ያረፈበትን ሲስተም እየመረመረ፣ ያለውንና የጎደለውን ለይቶ ራሱን እንዲያስተካክል አስቻለ። በ1997 የጂሲሲ እድገት አዘገመ ብለው ያዘኑ ገንቢዎች ኢጂሲኤስ የተባለ ቅርንጫፍ አወጡ፤ ቅርንጫፉ ከዋናው ቀድሞ በመሄዱ በሚያዝያ 1999 ራሱ ይፋዊው ጂሲሲ እንዲሆን ተወሰነ። በ2000 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በክሪስ ላትነርና በቪክራም አድቬ የተጀመረው ኤልኤልቪኤም ቋንቋውን የሚያነበውን ክፍል ለማሽኑ ኮድ ከሚያወጣው ክፍል በግልጽ በመለየቱ፣ እንደ ረስትና ስዊፍት ያሉ አዳዲስ ቋንቋዎች የማሽኖቹን ዝርዝር ሥራ ለእሱ ትተው በራሳቸው ጉዳይ ላይ እንዲያተኩሩ መንገድ ከፈተ።

በባሕር ዳር የቴክኒክ ትምህርት መሠረት የተጣለው በ1963 በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት ትብብር በተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ነው። አንጋፋው ፖሊና በ1972 የተከፈተው የመምህራን ማሠልጠኛ ፔዳ በ2000 ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን መሠረቱ።

ልዩነቶቹ የሚደበቁበት

መሣሪያ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ በትልቁ ነገር ሳይሆን በትንንሹ ነው። ዊንዶውስ የመስመርን መጨረሻ በሁለት ምልክት ሲጽፍ ሊኑክስና ማክኦኤስ በአንድ ይጽፋሉ፤ በዊንዶውስ ላይ የተስተካከለ ስክሪፕት ሊኑክስ ላይ ሲደርስ በዓይን በማይታይ ምልክት ምክንያት አልሠራም ይላል። ሊኑክስ በትልቅና በትንሽ የላቲን ፊደል የተጻፉ ሁለት የፋይል ስሞችን ሁለት አድርጎ ሲቆጥር፣ ዊንዶውስና ማክኦኤስ እንደወትሯቸው ከተተዉ አንድ ያደርጓቸዋል። ዊንዶውስ ሌላ ፕሮግራም የከፈተውን ፋይል በአብዛኛው አያስጠፋም፤ ስለዚህ ሊኑክስ ላይ በሰላም የሚያልፍ የጥቅል ማደሻ ዊንዶውስ ላይ መሃል መንገድ ይቆማል። በሲ ቋንቋ ደግሞ ሎንግ የሚባለው የቁጥር ዓይነት በ64 ቢት ሊኑክስ 64 ቢት፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ ግን 32 ቢት ነው። ይህን የዘነጋ ኮድ ለዓመታት ያለ ችግር ሲሠራ ቆይቶ ትልቅ ቁጥር የገባለት ዕለት የተሳሳተ ውጤት ያወጣል፤ ከሁሉ የሚከፋውም ይህ ነው፣ ምክንያቱም የስህተት መልእክት አይኖረውም።

የግዕዝ ፊደል ጉዳይ

ለአማርኛ ተጠቃሚ ዋናው ጉዳይ ይህ በመሆኑ ሰፋ አድርጎ ማየት ተገቢ ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት በቁጥር ወደሚመዘግበው ደረጃ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ሲሆን፣ ሀ በሄክሳዴሲማል ቁጥር 1200 ላይ ተቀመጠች። ቁጥሩ በባይት ከሚጻፍባቸው ስልቶች (ኢንኮዲንጎች) አንዱ በሆነው በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት፣ ዊንዶውስ በውስጡ በሚጠቀምበት በዩቲኤፍ 16 ደግሞ ሁለት ባይት ይይዛል። ሊኑክስና ማክኦኤስ ቀድመው ወደ ዩቲኤፍ 8 ስለተጠቃለሉ በእነሱ ላይ ችግሩ ጥቂት ነው። ዊንዶውስ ግን ለቀደሙ ፕሮግራሞች ሲል ኮድ ፔጅ የሚባሉትን የጥንት ሠንጠረዦች ይዞ ቆይቷል፤ በምዕራብ አውሮፓው ሠንጠረዥ 1252 ውስጥ ደግሞ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም።

ውጤቱን በአንድ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። አንድ ተማሪ በዊንዶውስ ላፕቶፑ «ትምህርት» የሚል ፎልደር ከፍቶ የሲ ፋይሉን እዚያ ቢያስቀምጥና በአሮጌው መንገድ በተጻፈ ኮምፓይለር ቢያስነብበው፣ ሲስተሙ የማያውቃቸውን አምስት ፊደላት በአምስት የጥያቄ ምልክት ይተካቸዋል። የጥያቄ ምልክት ደግሞ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ የተከለከለ በመሆኑ ኮምፓይለሩ ፋይሉ የለም ብሎ ይመልሳል። ተማሪው ፋይሉን በዓይኑ እያየው ነው፤ ጥፋቱን በራሱ ኮድ ውስጥ ይፈልጋል። ብዙ መምህራን የፎልደር ስም በላቲን ፊደል እንዲሆን የሚያዝዙት በዚህ የተነሳ ነው፤ ምክሩ ቢሠራም ባጉን (የመሣሪያውን ስህተት) ሸፍኖ ያቆየዋል እንጂ አያስወግደውም። ማይክሮሶፍት በ2019 ባወጣው የዊንዶውስ 10 እትም አንድ ፕሮግራም ለራሱ ዩቲኤፍ 8ን እንዲመርጥ ፈቅዷል፤ ይህ ግን በየመሣሪያው ውስጥ አንድ በአንድ መግባት ያለበት ለውጥ ነው።

ፓይተን በዚህ ረገድ ጥሩ ተምሳሌት ነው። በ2016 የወጣው 3.6 እትም በዊንዶውስ ላይ የፋይል ስሞችን በዩቲኤፍ 8 ማስተናገድ ጀመረ። ሆኖም ኢንኮዲንግ ሳይጠቀስ የተከፈተ ፋይል ይዘቱ በኮድ ፔጁ መጻፉ ስለቀጠለ፣ «ሰላም» የሚለውን ቃል ወደ ፋይል የሚጽፍ ባለ ሁለት መስመር ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ሲሠራ ዊንዶውስ ላይ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ይህን ለማስቀረት ዩቲኤፍ 8 ከ3.15 ጀምሮ በሁሉም ሲስተሞች መነሻ እንዲሆን በ2022 ተወስኗል። እስከዚያ ድረስ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ኢንኮዲንጉን በግልጽ መጻፍ ግዴታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሲስተሞቹ ባሻገር ቋንቋዎቹም ፊደላችንን የሚያስተናግዱበት መንገድ ይለያያል። ፓይተን 3 በአማርኛ የተሰየመ ተለዋዋጭ ይቀበላል፤ «ዋጋ፩» እስከ «ዋጋ፱» ያልፋሉ፣ «ዋጋ፲» ግን ይወድቃል። ምክንያቱ ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን ብቻ በስም ውስጥ እንዲገቡ ለይቶ በመመዝገቡ ነው። በዚሁ ቋንቋ ፩ አኃዝ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዎ የሚል መልስ ይሰጣል፤ ወደ ቁጥር ለውጥ ሲባል ግን እምቢ ይላል። በ2011 የጸደቀው የሲ ደረጃ አራት ነጥብን እንኳ በስም ውስጥ የሚፈቅድ ልቅ ደንብ ነበረው፤ በኋላ የመጣው ሲ23 የተባለው ደረጃ በዩኒኮድ ዝርዝር አጥብቆታል። ጂሲሲ የግዕዝ ፊደልን በቀጥታ በስም ውስጥ መቀበል የጀመረው በ2020 በወጣው 10ኛ እትሙ ነው። ኮድን በአማርኛ ስሞች መጻፍ ይጠቅማል ወይስ ከዓለም ይነጥላል የሚለው አሁንም ያከራክራል፤ ለጀማሪዎች ትምህርት ግን ጥቅሙ ግልጽ ይመስላል። ያም ሆኖ «ዓመት» እና «አመት» ለኮምፓይለሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም።

የድጋፍ ደረጃዎች

ሁሉንም ሲስተም እኩል መደገፍ ስለማይቻል ፕሮጀክቶች ደረጃ ያወጣሉ። በረስት አንደኛ ደረጃ የተባለው ሲስተም በትክክል እንደሚሠራ፣ ሁለተኛው እንደሚገነባ ዋስትና ሲሰጠው ሦስተኛው ምንም ዋስትና የለውም። ፓይተን ለሁለተኛ ደረጃ ቢያንስ ሁለት፣ ለሦስተኛ ቢያንስ አንድ ዋና ገንቢ ኃላፊነት እንዲወስድ ይጠይቃል፤ ሰው ያጣ ሲስተም ከዝርዝሩ ይወጣል። ይህ ደንብ አሮጌ ማሽኖች ያሉበትን ቤተ ሙከራ በቀጥታ ይነካል። ፓይተን ዊንዶውስ 7ን በ3.9፣ ጎ የተባለው ቋንቋ በ2023 በወጣው 1.21 የተዉት ሲሆን፣ ረስትም በ2024 ወደ ሦስተኛ ደረጃ አውርዶታል። ማሽኑ ደህና ከሆነ ቀላል ሊኑክስ መጫን ከአሮጌ እትም ጋር ከመቆየት ይሻላል።

ተንከባካቢዎቹ

በብዙ ፕሮጀክቶች ሥራውን የተሸከሙት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ከእነዚህም በርካቶቹ ያለ ክፍያ ይሠራሉ። የዚህ አደጋ በመጋቢት 2024 ፋይልን አሳንሶ በሚያምቀው በኤክስዚ ላይብረሪ ላይ ታይቷል። ብቻውን የቆየ ተንከባካቢ በደከመበት ወቅት ረዳት መስሎ ቀስ በቀስ እምነት ያገኘ ሰው፣ በመገንቢያ ስክሪፕቱና በመሞከሪያ ፋይሎቹ ውስጥ የስርቆሽ በር ደበቀ። የተሸሸገበት ቦታ ትኩረት የሚሻ ነው፦ ፕሮግራሙን ለየሲስተሙ የሚያስማማው ስክሪፕት ረጅምና ለማንበብ አሰልቺ በመሆኑ ማንም አላየውም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከሩቅ ወደ ማሽን መግቢያው ከወትሮው በጥቂቱ መዘግየቱን ተከታትሎ ባያገኘው ኖሮ ወደ ዋና ዋናዎቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች በሰፊው በገባ ነበር።

ከባሕር ዳር መሥራት

በአማራ ክልል ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ መቋረጡ ይታወቃል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ሙሉውን ታሪክ በየሰው ማሽን ላይ ስለሚያስቀምጥ እንዲህ ባለ ጊዜ ሥራ አይቆምም፤ ለውጦችን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ በፍላሽ ከግቢ ግቢ ማዛወርና መስመር ሲመለስ መላክ ይቻላል። የኤልኤልቪኤም ሙሉ ማከማቻ ከአንድ ጊጋባይት በላይ በመሆኑ የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ማውረድ ይመረጣል። መብራት ሲጠፋ ግንባታው ከመጀመሪያው እንዳይደገም ሲካሽ የተባለው መሣሪያ ቀድሞ የተሠራውን ያስቀምጣል። የሌሎች ፕሮሰሰሮችን ሙከራ ደግሞ ኪውኢሙ የተባለው ፕሮግራም በራስ ላፕቶፕ ላይ ያስመስላል፤ የጂሲሲ ኮምፓይል ፋርም የተባለውም በልገሳ የተገኙ ማሽኖቹን ለነፃ ሶፍትዌር ገንቢዎች ይከፍታል። በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ስለሚሠራበት ደካማ መስመርም ይበቃዋል።

ከዚህ አካባቢ የሚላክ የባግ ሪፖርት የተለየ ዋጋ አለው። በአማርኛ ስም የተሰየመ ፎልደር፣ ሰፋ ያለ ፊደል ተርሚናል ላይ ሲቆረጥ፣ መሃሉ ላይ የተቋረጠ የጥቅል ማውረድ፦ እነዚህን የአውቶማቲክ መሞከሪያ ማሽኖች በራሳቸው አያገኟቸውም። ጥሩ ሪፖርት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እትም፣ የመሣሪያውን እትም፣ የኮድ ፔጁን ቁጥርና ችግሩን የሚደግም አጭር ኮድ ይይዛል፤ ስክሪን ሾት ብቻ ከሆነ ተንከባካቢው ፊደሉን ገልብጦ መሞከር ስለማይችል የአማርኛው ስም በጽሑፍ መግባት አለበት።